ሳህን የያዘችው ሰርቬየር

በእጅ ጽሑፌ አልኮራም ብል ውሸቴን ነው። በሰፈራችን በሹም አቦ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። አሁን ደግሞ ከእጅ ጽሑፍ አልፌ ጽሑፍ ራሱን ጀምሬያለሁ። ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን የግድግዳ መጽሔት ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ወጥቶልኛል፤ ሁለት አስተማሪዎች ቆመው ሲያነቡት በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንደኛው ወደ መጨረሻው ሲደርስ ፈገግ ብሏል። ከዚያ ወዲህ የሚያቆመኝ የለም። ችግሩ ግን ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ብዕሬ ወደ አንድ ቀን መሄዱ ነው። የሚያኮራኝ ቀን አይደለም። እሱን ዘልዬ ሌላ ነገር ብጽፍ የሸሸሁ ስለሚመስለኝ መጀመሪያ እሱን ላውጣው።

የሆነው አምና ግንቦት ላይ ነው። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤዛ እባላለሁ። አባታችን ቄስ ይኄይስ በከተማችን ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። እኛ ቤት እንግዳ ሲገባ ሴት ልጅ ቁጭ ብላ አትገኝም። «ተነሺ» የሚለን እንኳ የለም፤ እግራችን ራሱ ይነሣል። ማንቆርቆሪያውን አንዳችን፣ ሳህኑን አንዳችን፣ ፎጣ በትከሻ፣ ከትልቅ ሰው ጀምሮ ወደ ታች። ሰው እጁን እየታጠበ ወሬ ሲያወራ አይቋረጥም። ውሃው አይንጠባጠብም። ሰው «የቄስ ይኄይስ ልጆች» ብሎ ሲያመሰግነን ይህን ማለቱ ነው።

እህቴ ማኅሌት በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም ነው የምላት። ከዩኒቨርሲቲ በሰርቬይንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። ሰርቬየር ማለት መንገድ ሊሠራ ሲል ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ መሬቱን የሚለካው ሰው ነው። ተማሪ እያለች ለልምምድ ሜዳ ወጥታ አንድ ቀን አይቻታለሁ። ቤት ውስጥ ድምጿ የማይሰማው ልጅ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ማዶ ቆሞ የመለኪያውን ዘንግ የያዘውን ግዙፍ ልጅ «ዘንበል ብሏል፤ አቃናው። አሁንም አልቀናም፤ ተኝተሃል እንዴ?» ስትለው ሌላ ሰው መስላኝ ነበር።

ሥራ ግን አልተገኘም። ማስታወቂያው ሁሉ «ልምድ ያለው» ይላል። አብረዋት የተመረቁት ወንዶች አንድ በአንድ ገቡ። እንዴት እንደገቡ ሲጠየቁ ሁሉም «አንድ ሰው አገናኘኝ» ነው የሚሉት። ያንን አንድ ሰው ያገኙት ማታ ማታ ግሮሰሪ ቁጭ ብለው ነው። እታለም ግሮሰሪ አትቀመጥም፤ ታዲያ ማን ያገናኛት?

በዚህ መሀል ማክሰኝት ሱቅ ያላቸው አጎታችን ዓይናቸው እየደከመ መጣና «የሚታመን ሰው ላኩልኝ» አሉ። እማዬም ቀን ቆረጠች። እስከ ሰኔ ሚካኤል ሥራ ካገኘች አገኘች፤ ካላገኘች ማኅሌት ማክሰኝት ትሄዳለች። እታለም አልተከራከረችም። እኛ ቤት ክርክር የለም። ትንሽ ቆይታ ግን የመመረቂያ ፎቶዋን ከግድግዳው አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። መልሳ አልሰቀለችውም።

ልክ በዚያ ሰሞን ሰሚራ ወሬ ይዛ መጣች። ሰሚራ ከእታለም ጋር በሰርቬይንግ የተመረቀች፣ እሷም ገና ሥራ ያላገኘች ጓደኛዋ ናት፤ አባቷ ወረታ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሴት ባለሙያዎች የትውውቅ ቀን ሊደረግ ነው አለች። ሥራ የጀመሩ፣ ሥራ የሚፈልጉ፣ ድርጅት ያላቸው ሴቶች አብረው ምሳ እየበሉ የሚተዋወቁበት ነው። የመንገድ ሥራ ድርጅት ያላቸው ኢንጂነር ዘውድነሽም ይመጣሉ።

«ሥራ ሳይኖር ትውውቅ ምን ይሠራል?» አለች እማዬ።

«ሥራው ያለው ትውውቁ ላይ ነው እኮ፣ እማዬ» አለች እታለም። ለእሷ ይህ ትልቅ ንግግር ነበር።

እኔ ደግሞ በሌላ በር ገባሁ። የትምህርት ቤታችን የሴቶች ክበብ ለእንግዳ አቀባበል አራት ልጆች እንዲልክ ተጠይቆ ነበር፤ ከአራቱ አንዷ እኔ ሆንሁ። ሥራዬም የእንግዶቹን ባጅ መጻፍ፤ ከላይ ስም፣ ከሥር ሙያ። የሰማሁ ዕለት በደስታ እስከ ቤት ድረስ ሮጬ ሄድሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብተን ተለማመድን። የአባባን መነጽር አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰካሁ፤ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥሁና ኢንጂነር ዘውድነሽን ሆንሁ።

«እሺ፣ ማን ልበል?»

«ማኅሌት ይኄይስ እባላለሁ።»

«ለማን ነው የምትነግሪው፤ ለምንጣፉ ነው?»

«ቀና ብዬ ሳይሽ እኮ መነጽሩ ያስቀኛል።»

«ሙያሽስ?»

«በሰርቬይንግ ተመርቄያለሁ።»

«ተመርቀሻል ወይስ ነሽ?»

«ነኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጋ «ሰርቬየር ነኝ» አለች።

«ጎሽ። አሁን ሥራ እፈልጋለሁ በይ።»

 የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች ቆየችና «እሱን እሳቸው ቢጠይቁኝ አይሻልም?» አለች። ሳቅሁባት። ያን ጊዜ መሳቅ አልነበረብኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሆቴሉ ከሁሉም ቀድሜ ደረስሁ። በአትክልቱ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ክብ ክብ ጠረጴዛ ተደርድሯል። ሐይቁ በሙቀቱ ደንዝዞ ተኝቷል፤ ዳር ዳሩን እምቦጭ አረም ሸፍኖታል። ባጁን ጻፍሁ፤ ነርስ፣ ጠበቃ፣ አካውንታንት፣ የወተት ላም አርቢ። ቀጥሎ በየጠረጴዛው የሚቀመጠውን የስም ወረቀት እንዳደርስ ተሰጠኝ። እታለምን መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ መድበዋታል። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አያየኝም። ወረቀቷን አንሥቼ ከኢንጂነር ዘውድነሽ በስተግራ አስቀመጥሁት፤ እዚያ የነበረችውን ጠበቃ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሰደድኋት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ብልህ የሆንሁ መስሎኝ አያውቅም።

እታለም ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ መጣች። ባጁን አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት።

«ሰርቬየር የሚለውን ትንሽ አሳንሰሽ ብትጽፊው ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«አላሳንስም። ሂጂ ተቀመጪ።»

ጠዋቱ በሙሉ ንግግር ነበር። ኢንጂነር ዘውድነሽ የደረሱት ምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ጫማቸው ላይ የሜዳ አቧራ ያልለቀቀ ሴት ናቸው። «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ተቀመጡና ወዲያው ስልክ ተደወለላቸው። እታለም እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስልኩ እስኪያልቅ ጠበቀች። አስተባባሪዋ ማይክ ይዛ «ከምሳ በኋላ ስማችሁን በየተራ እጠራለሁ፤ እየተነሣችሁ ራሳችሁን ታስተዋውቃላችሁ» አለች። እታለም ከሩቅ አየችኝ። መነጽር የማስተካክል መስዬ አፍንጫዬን ነካሁላት፤ ሳቋን ዋጠች።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የሆቴሉ የውሃ መሳቢያ አብሮ ቆመ፤ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሁለት ጊዜ አንኮራፋና ዝም አለ። ምሳው ደግሞ ሙሉ ዓሣ ጥብስ ነው፤ በሹካ የሚበላ አይደለም። የክበባችን ኃላፊ መምህርት ወርቄ በጣታቸው ጠሩኝ።

«ይሄ ሁሉ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓሣ ሊነካ ነው። በርሜል ውስጥ ውሃ አለ። የቄስ ልጅ ነኝ አላልሽም? ማስታጠብ አታውቂም?»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር። ልጆቹ ግን የሉም።» ሦስቱ ጓደኞቼ ሐይቁ ዳር ወርደው ፎቶ እየተነሡ ነበር።

«እንግዲያው እስኪመጡ ብቻሽን ጀምሪ።»

ማስታጠብ የሁለት ሰው ሥራ ነው። በአንድ እጄ ሳህን፣ በአንድ እጄ ማንቆርቆሪያ፣ ሳሙናው ሳህኑ ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ፎጣው ከትከሻዬ እየወረደ ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ሄድሁ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ የእታለም ጠረጴዛ ነው። ውሃው ጫማዬ ላይ ተንጠባጠበ። አንዲት ሴትዮ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። 

ተነሺልኝ አላልኋትም። በዓይኔ ግን ለመንኋት። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

እታለም ሳታስብ ብድግ አለች። «አምጪው፤ ልታፈሺው ነው» ብላ ሳህኑን ተቀበለችኝ። ጎንበስ ስትል ባጁ ሳህኑ ውስጥ ተነከረ። በአንድ እጇ ከአንገቷ አወጣችና «ያዥልኝ» አለችኝ። ኪሴ ከተትሁት። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ እፎይታ ብቻ ነበር።

ከትልቅ ሰው ነው የሚጀመረው፤ ስለዚህ ከኢንጂነር ዘውድነሽ ጀመርን። እጃቸውን ሳህኑ ላይ ዘረጉ፤ ፊታቸው ግን በስተቀኛቸው ወደተቀመጡት ሽበታም ወይዘሮ ነው።

«ልጁን ሌላ ድርጅት ወሰደብኝ እኮ» ይላሉ። «በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳ መውጣት አለብኝ፤ ሰርቬየር የለኝም።»

እታለም ከሳህኑ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማስታወቂያ አታወጪም?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ማስታወቂያ ጊዜ ይበላል። ደግሞ ሴት ባገኝ ነበር ደስታዬ። ሴት ለምን አትቀጥሪም ይሉኛል፤ መጥታ አለሁ ያለችኝ ሳትኖር ማንን ልቅጠር?»

ማፍሰሱን አቆምሁ። የእታለምን እግር በእግሬ ረገጥሁት።

«ውሃ» አለች እታለም በሹክሹክታ። አፈሰስሁ። ኢንጂነር ዘውድነሽ ሳሙናውን አስለቀቁ፤ እጃቸውን አራገፉ፤ ከትከሻዬ ላይ ፎጣውን ወስደው አደረቁ። «ተባረኩ፣ ልጆቼ። እደጉ» አሉ። ቀና ብለው አላዩንም።

ወደሚቀጥለው ሰው ስንዞር ጆሮዋ ሥር ገባሁ። «ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ንገሪያቸው።»

«ሰው እጁ ላይ ሳሙና ይዞ ሥራ ስጡኝ ይባላል? እንጨርስና ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ግን አንድ ጠረጴዛ አስታጥቦ መቀመጥ የለም። ሁለተኛው «ልጆች፣ እዚህም» አለ። ሦስተኛውም ጠራ። ውሃ ከበርሜል መቅዳት፣ እጣቢውን መድፋት፣ ተመልሶ መምጣት ነው። ጓደኞቼ ከሐይቁ ሲመለሱ መምህርት ወርቄ ዳቦ እንዲያድሉ አሰማሯቸው፤ ምክንያቱም እጅ ማስታጠቡን የሚሠሩ ሁለት ልጆች አሉ። እሳቸውም እታለምን ከእኛ አንዷ ነው ያደረጓት።

ጨርሰን ስንመለስ ዓሣው ቀርቧል፤ በእታለም ወንበር ላይ ሰሚራ ተቀምጣለች። ኋላ እንደሰማሁት ኢንጂነር ዘውድነሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እናንተ መሀል ሰርቬየር የለም እንዴ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሰሚራ ከሌላ ጠረጴዛ ተነሥታ «አለሁ» አለች፤ ባዶውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ በአባቷ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስታናግር ያደገች ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው ፊት ለመናገር ፈቃድ አትጠብቅም።

«አስነሻት» አልኋት እታለምን።

«ሰው እየበላ ተነሺ ይባላል? ሰሚራ እኮ ናት። እሷ ታስተዋውቀኛለች።»

ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመን በላን። ዓሣው ቀዝቅዞ ነበር። በጠዋት ወደዚያ የሰደድኋት ጠበቃ ከጎናችን ተቀምጣ «ጎበዞች፤ ደከማችሁ» አለችን።

ከምሳ በኋላ እንደገና እጅ መታጠብ አለ። አስተባባሪዋም ጊዜ እንዳይባክን ብላ ትውውቁን እዚያው ጀመረች። በትንሽ ጄኔሬተር የተነሣው ማይክ እየጮኸ ስም ይጠራል፤ አንዷ ትነሣለች፤ ስሟን፣ ሙያዋን፣ ምን እንደምትፈልግ ትናገራለች፤ ይጨበጨባል። እኛ በየጠረጴዛው ጎንበስ ብለን እንዞራለን። እታለም ጆሮዋን ወደ ማይኩ አቁማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ «ማኅሌት ይኄይስ እባላለሁ፣ ሰርቬየር ነኝ» እያለች ትለማመዳለች።

አንዲት ባልቴት ጋ ደረስን። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ባጃቸውን እኔ ነበርሁ የጻፍሁት። የዓሣው ሽታ እንዲለቅላቸው ሳሙናውን ደጋግመው ያሻሉ፤ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። ያን ጊዜ ማይኩ እንዲህ አለ፦

«ማኅሌት ይኄይስ።»

እታለም ቀና አለች። እጇ ሳህኑን ይዟል። ሳህኑ በእጣቢ ሞልቷል። የባልቴቷ እጅ እስከ ክንዳቸው በአረፋ ተሸፍኗል።

«ማኅሌት ይኄይስ፤ ሰርቬየር። የለችም?»

አለሁ ብላ መጮህ ትችል ነበር። ሳህኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ ትችል ነበር። እኔም «እዚህ ናት» ማለት እችል ነበር፤ እኔ ለመጮህ ማን አህሎኝ። ግን ያንን ሁሉ እያሰብሁ ውሃ አፈስስ ነበር። ባልቴቷ «ትንሽ ጨምሪልኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ጨመርሁ። ትልቅ ሰውን ከነሳሙናው ጥሎ መሄድን አካላችን አያውቀውም። ኢንጂነር ዘውድነሽ «ሰርቬየር» የሚለውን ሰምተው ዘወር ዘወር ሲሉ አየሁ። ሰሚራም አንገቷን አስግጋ ፈለገች። ያዩት ቁጭ ያሉትን ሴቶች ነው። ጎንበስ ያለን ሰው ማን ያያል?

«የለችም መሰል። እንለፍ።»

የሚቀጥለው ስም ተጠራ። ጭብጨባ ሆነ። ባልቴቷ እጃቸውን እያደረቁ እታለምን «አስተዳደግሽ ይባረክ» አሏት። እታለም «አሜን» አለች።

ሰው መበተን ሲጀምር እጇን ይዤ ጎተትኋት። ኢንጂነር ዘውድነሽን መኪና ማቆሚያው ጋ ደረስንባቸው። ሰሚራ አጠገባቸው ናት። እታለምን ስታይ «የት ነበርሽ አንቺ? ስምሽ ሲጠራ ዙሪያውን ፈለግሁሽ» አለቻት። ከልቧ ነበር።

እታለም ሁለት እጇን አጣምራ ቆመች። ቀና ብላ ግን ነው የተናገረችው፤ ይህን አልረሳላትም። «ማኅሌት ይኄይስ እባላለሁ። ሰርቬየር ነኝ። ሥራ እፈልጋለሁ።»

ኢንጂነር ዘውድነሽ መነጽራቸውን አወረዱና የረጠበ እጅጌዋን አዩ። «ያስታጠብሽኝ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«አጠገቤ ቆመሽ ሰርቬየር አጣሁ ስል ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

 እታለም መልስ ነበራት፤ ለእሳቸው ግን የሚገባቸው አልነበረም።

«እኔ እኮ ሜዳ ላይ የወንድ መንጋ የምታዝ ሰው ነው የምፈልገው» አሉ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ያዘኑ መሰሉ። «ቦታውን ለጓደኛሽ ሰጠኋት፤ ሰኞ ትጀምራለች። አንድ ሰው ነው የምፈልገው።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «እንግዳ አያያዝሽን ግን ወድጄዋለሁ። ቢሮዬ እንግዳ የምትቀበል፣ ሻይ ቡና የምትል ጨዋ ልጅ እፈልግ ነበር። ለምን አትመጪም?»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይቅርብኝ» አለች እታለም።

«ኧረ ግድ የለም፣ አትፈሪ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«እውነቴን ነው፤ በይ ነይ ሰኞ።»

ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ አለች። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ይሉኝታ ቆጠሩትና ትከሻዋን መታ መታ አድርገው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ወደ ቤት በባጃጅ ተመለስን። ሹም አቦ ስንወርድ ኪሴ ውስጥ እጄን ሳስገባ ባጁን አገኘሁት። «ሰርቬየር» የሚለው ቀለሙ ትንሽ ፈዝዟል፤ ይነበባል ግን።

ማታ እራት ላይ ለእማዬና ለአባባ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። እማዬ «አስተዳደጓን አስመሰገነች እንጂ ምን ጎደለባት» አለች፤ ድምጿ ግን ሙሉ አልነበረም። አባባ እንዲህ አሉ፦ «ማስታጠብ ነውር አይደለም፣ ልጄ። በጸሎተ ሐሙስ እኛ ካህናቱ ዝቅ ብለን የምእመናኑን እግር እናጥብ የለም እንዴ?»

እታለም ከሳህኑ ላይ ዓይኗን አነሣች።

«አባባ፣ እርስዎ ዝቅ ሲሉ እኮ ካህን መሆንዎን ምእመናኑ ሁሉ ያውቃል።»

 አባባ የቆረሱትን እንጀራ ሳይጎርሱት መልሰው አኖሩት።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ፤ ሥራ አልመጣም። የነጋዴው ልጅ ሜዳ ወጣች፣ የቄሱ ልጅ ሱቅ ገባች። ማክሰኝት በሚሄደው ሚኒባስ ስንሸኛት እታለም ረዳቱን ልጅ ዕቃ በመጫን ታግዘው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤያለሁ። ሰሚራን ለመጥላት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ የሠራችው ጥፋት ሲጠሩ አለሁ ማለት ብቻ ነው። ኢንጂነር ዘውድነሽንም ሞከርሁ፤ የተናገሩት ውሸት አልነበረም። የእኛን ቤት ደግሞ እንዴት ልጥላው? በመጨረሻ ለጥላቻ የተረፍሁት እኔው ነበርሁ፤ እሱም ቢሆን የሚያዛልቅ አይደለም።

የተለወጠ ነገር ግን አለ። ባለፈው የአባባ እንግዶች መጡ፤ አሁን የማስታጥበው ብቻዬን ነው። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ከትልቁ ፊት ቆምሁና ውሃውን ከማፍሰሴ በፊት «ቤዛ ይኄይስ እባላለሁ። ጸሐፊ ነኝ» አልሁ። አንዱ አዛውንት ቄስ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እማዬ በኋላ ጓዳ ውስጥ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አባባ ግን አልተቆጡኝም።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ትልቅ ቦታ የደረሳችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ እጃችሁን ሳህን ላይ ስትዘረጉ አንድ ጊዜ ቀና በሉ። ሳህኑን የያዘችውን ስሟን ጠይቁ። እንደ እኔ ማንቆርቆሪያ የያዛችሁም፣ እህታችሁ ልትረዳችሁ ስትነሣ ቁጭ በይ በሏት። ውሃው መሬት ላይ ቢፈስ ይደርቃል።

ትናንት እታለም ደወለች።

«ዛሬ መንገድ የሚለኩ ልጆች መጥተው ነበር» አለችኝ። «ሱቁ ፊት ለፊት መሣሪያ ተከሉ።»

«ከዚያስ?»

«አንደኛውን እግር ልል አፈር ላይ አቁመውታል። ሊሰምጥ ነው፤ ልኬታቸው ሁሉ ይበላሻል። አላስቻለኝም፤ ወጥቼ “እግሩን ወደ ድንጋዩ አምጣው” አልሁት።»

«እሱስ?»

«አመጣው። ከዚያ ዞር ብሎ “ማነሽ አንቺ?” አለኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝሁት። «ምን አልሽው?»

ከወዲያ ሰው ሳሙና ሲጠይቅ ይሰማኛል።

«የሱቁ ልጅ ነኝ አልሁት» አለች። «በይ፣ ደንበኛ መጣብኝ።»

ባጁ አሁን እዚህ ደብተሬ ውስጥ ነው። ማይኩ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርቶ፣ የለችም ብሎ አልፏል። እኔ ማለፍ ስላልቻልሁ በማይፈዝ ቀለም እንደገና ጽፌዋለሁ፤ ከላይ ስም፣ ከሥር ሙያ። ማኅሌት ይኄይስ፤ ሰርቬየር። አለች፤ ማክሰኝት።